መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቦምብ ሳራግፍና ስጭን ኖሬ አንድም ቀን ሲፈነዳ ሰምቼ አላውቅም። ባለፈው ወር ጡረታ ስወጣ ይህንን ለባለቤቴ ብነግራት «ተመስገን አትልም እንዴ! ምኑ ነው የሚቆጭህ?» አለችኝ። ቁጭት እንኳ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ለሰርግ ቤት ወጥ ሲሠራ ኖሮ አንድም ሰርግ ያልታደመ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የተሰማኝ። የሠራሁትን ሥራ መጨረሻውን አላየሁትም። ማየትም አልፈልግም፤ ግን ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

ቤታችን ካርቲየ 1 የሚባለው ሠፈር ነው። አያቴ ከባቡሩ ጋር መጥተው እዚሁ ጅቡቲ ቀሩ፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ሆኑ፤ እኔ ፈረንሳይኛ ተምሬ ወደብ ገባሁ። መጀመሪያ ስንዴና ማዳበሪያ ላይ ነበርኩ። ሦስት ዓመት በአቧራ ሳስል ከቆየሁ በኋላ ዕቃ አስተላላፊው ድርጅት አደገኛ ጭነት መቀበል ሲጀምር ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ፈለጉና ወሰዱኝ። ደመወዙ ከስንዴው ይሻል ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያው አለቃዬ ስልክ ላይ ሲጮኹ መርከቡ ላይ ያሉት ሰዎች ያለ ስልክ ይሰሟቸው ነበር። ሁለተኛው ሙሴ ሮቤር ናቸው። ፈረንሳዮቹን እዚህ አገር ሙሴ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሙሴ ሮቤር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ለዚህም ነው ከፊተኛው ይልቅ እሳቸውን የምንፈራቸው።

የጦር መሣሪያ ሽያጭ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ የሚደርሰው በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ማን ለማን እንደሸጠ፣ ገዢው ለሌላ ሦስተኛ ወገን እንደማያስተላልፍ፣ ማን ፈርሞ ማን ማኅተም እንዳደረገ ይዘረዝራል። ቋንቋው የሰርግ መጥሪያ ያህል ጨዋ ነው። ያን ሁሉ «በአክብሮት» እና «በትሕትና» አንብቤ ሳበቃ ቀና ስል፣ መርከቡ የአደገኛ ጭነት ምልክት የሆነውን ቀይ ባንዲራ ሰቅሎ ሆዱ ውስጥ ያንን ይዞ ቆሟል። ወረቀቱን ከመርከቡ ጋር ማገናኘት ሁልጊዜ ያቅተኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮስተር ያሉ ሰው ነበሩ። አባታቸው የባቡር መንገድ ተመልካች ነበሩ አሉ፤ ጎሕ ሲቀድ መዶሻቸውን ይዘው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የድርሻቸውን ሐዲድ በእግር እየሄዱ ብሎኑን አንድ በአንድ እየመቱ ያዳምጡታል። የላላ ብሎን ድምፁ ይለያል። ጋሽ ደምሴም ይህንን ወርሰው ወደብ ይዘውት መጡ። ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም ዘንግ ነበራቸው። የመጀመሪያው መኪና ከመነሳቱ በፊት ከመርከቡ ሥር እስከ ማከማቻው ያለውን መንገድ በእግራቸው ይሄዱታል፤ አስፋልቱን በዘንጉ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ የተቦረቦረ ቦታ ካለ ድምፁ ያሳብቅበታል። እዚያ ላይ ቆመው «አሸዋ አምጡ» ይላሉ። ሐምሌ ላይ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃ ተነስቶ ፊት ሲለበልብ እንኳ ይህንን ጉዞ ዘለውት አያውቁም። መጀመሪያ ሰሞን እስቅባቸው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ጠቅ ያደረጉት አስፋልት ዘንጋቸውን እስከ ክንድ ድረስ ሲውጠው አየሁና ሳቄን ዋጥኩት።

ሣጥን ከመንካታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው በመሐረብ ይቋጥራሉ። ማከማቻው በር ላይ ያለውን የመዳብ ሳሕን በመዳፋቸው ይነኩታል፤ ሰው ልብሱ ላይ ይዞት የሚዞረው ትንሽ ኤሌክትሪክ እዚያ እንዲቀር ነው። ከዚያ ሣጥኑን በአራቱም ጎን፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው፣ ይዳስሱታል። ከጋለ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ቦምብና ማፈንጃውን አንድ ጣሪያ ሥር አያሳድሩም፤ «እሳትና ጭድ» ይሏቸዋል። ቦምብ የሚለውን ቃል ራሱን ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። «እንግዶቹ መጡ» ነው የሚሉት።

ከሁሉም በላይ ግን ስንዝሯ ነበረች። ክሬኑ ሣጥን ሲያወርድ፣ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ጋሽ ደምሴ ጡጫቸውን ይጨብጣሉ። ክሬኑ ይቆማል። ሣጥኑ መወዛወዙን እስኪተው እሳቸው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላሉ፤ ክሬን ነጂው ኢስማኤል ከላይ ሆኖ «ቢስሚላሂ» ይላል። ከዚያ ጡጫቸው ቀስ ብሎ ይከፈትና ሣጥኑ መሬቱ ላይ ያለ ድምፅ ያርፋል። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈጀው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምናራግፋቸው እንግዶች ድፍን ብረት ነበሩ። ከተጣለ የሚወድቅ፣ የወደቀበትን የማያውቅ ብረት። ቆይቶ ግን ቀለል ያሉ፣ ጠበብ ያሉ ሣጥኖች መምጣት ጀመሩ። ጎናቸው ላይ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ነጭ ነጥብ ያለባት ምልክት ተለጥፋለች። ሣጥኑ ክፉኛ ከተመታ ነጥቧ ትቀላለች፤ አንዴ ከቀላች አትመለስም። ለከባዱ ብረት ያልፈራነውን ለዚህ ቀላል ሣጥን ስንፈራ እንሳሳቅ ነበር። ኢስማኤል «ዋላሂ፣ የሙሽራ ብርጭቆ ነው የምናወርደው!» ይል ነበር።

አሁን ወደማልወደው ቀን ልምጣ።

ከነዚህ ሣጥኖች አሥራ ሁለቱ ለጥቂት ቀን ማከማቻችን አርፈው በሌላ መርከብ ሊሄዱ መጡልን። ጋሽ ደምሴ ጠዋት መንገዱን በእግራቸው ሄዱ፤ መኪኖቹም በደህና ተመላለሱ። እኩለ ቀን አልፎ የመጨረሻው ሣጥን ማከማቻው ደጃፍ ከመኪናው ተነስቶ ክሬኑ ላይ ሲንጠለጠል እሳቸው ወረቀት ሊያስፈርሙ ወደ መርከቡ ሄደው ስለነበር ምልክት ሰጪው እኔ ነበርኩ። ሣጥኑን ከኢስማኤል ዓይን መኪናው ይጋርደዋል፤ የሚያየው የእኔን እጅ ብቻ ነው።

የጅቡቲን ሰው የምታውቁ ያንን ሰዓት ታውቁታላችሁ። ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። የጫት መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲገቡ ከተማው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይነሳል፤ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ዘበኛውም። እኔም ያኔ ቃሚ ነበርኩ። ጡሩምባው ከበሩ ውጪ ሲሰማ የሠራተኛው ሁሉ አንገት ዞረ። የእኔም ዞረ። ልቤ «ቶሎ በል፤ ደህና ደህናው ሳያልቅ» እያለ እጄ ማውረዱን ቀጠለ። ጡጫዬን አልጨበጥኩም። ስንዝሯን ዘለልኳት። ኢስማኤል እጄን አምኖ ለቀቀ፤ ሣጥኑም ከሥር የተነጠፈው አግዳሚ እንጨት ጠርዝ ላይ ጓ ብሎ አረፈ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጥቧ ደም መስላለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን መፍታትም አልፈለግሁም። ሁለት ሠራተኞች ጠርቼ ሣጥኑን ቦታው ስናስገባ ቀዩን ጎን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ከዚያ ወጥቼ ጫቴን ገዛሁ። ያን ቀን የቃምኩት ጫት አልመረቀነኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ሣጥኖቹን በመዳፋቸው ሊዳስሱ ገቡ። አራቱንም ጎን ነው የሚዳስሱት ብያለሁ፤ ይህንን ረስቼው ነበር። በግድግዳውና በሣጥኑ መካከል እጃቸውን ሰደዱ፤ ቀጥለው አንገታቸውን አስገቡ። ብዙ ቆዩ።

«ተስፋዬ፣ ይቺ መቼ ነው የቀላችው?»

«እኔ እንጃ ጋሽ ደምሴ።»

«ስትወርድ ስንዝሯ ላይ ቆማለች?»

«ቆማለች።»

ዓይኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ለመዋሸት ይህን ያህል ድፍረት ከየት እንዳመጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እንግዲያው መንገዱ ነው» አሉ። «የሆነ ቦታ መኪናው ዘሏል። ጉድጓድ አምልጦኛል።»

ራሳቸው ሄደው ለሙሴ ሮቤር ተናገሩ። በአራተኛው ቀን ከሻጩ አገር አንድ ባለሙያ በአውሮፕላን መጣ። ሣጥኑን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አስከፈተው። ፈረንሳይኛውን የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ፤ ጋሽ ደምሴ ፈረንሳይኛ ከሰላምታ አያልፉም።

ሕይወቴን ሙሉ ክዳኑን ብቻ ያየሁትን ነገር ያን ቀን ውስጡን አየሁት። ቦምብ አልነበረም። ፊቱ ላይ የመስታወት ዓይን ያለው አንድ ራስና የታጠፉ ክንፎች ያሉት አንድ ጅራት ነበር፤ ሁለቱም ስፖንጅ ውስጥ ተኝተዋል። ባለሙያው ልጁን እንደሚያስተዋውቅ ሰው ደስ እያለው አስረዳን። ብረቱ ያው የድሮው ደነዝ ብረት ነው። ይህ ራስና ይህ ጅራት ሲገጠሙለት ግን ከሰማይ ወርዶ የተባለውን በር ፈልጎ ይገባል። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አሳየን። ከላይ የተነሳ ግራጫ ምስል ነው፤ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ቤቶች፣ ሁለት በሮች። የዒላማ ምልክቷ ግራው በር ላይ አረፈች። ቆይቶ አቧራ ሆነ። አቧራው ሲገለጥ ግራው ቤት የለም። ቀኙ ቤት ጣሪያው ተላጦ ግድግዳው እንዳለ ቆሟል።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደነዝ ብረት ሲያወርድ የኖረ ሰው ያንን ሲያይ ምን ይላል? ፈራሁ፤ ደግሞም አደነቅሁ። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

«ሰው ነበረበት ወይ በልልኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ተረጎምኩ። ባለሙያው ትከሻውን ነቀነቀና እሱ ጠጋኝ እንጂ ተኳሽ አለመሆኑን ተናገረ።

ስለ ዋጋው ሙሴ ሮቤር ጠየቁ። ባለሙያው ብረቱ ርካሽ መሆኑን፣ ውዱ ራሱና ጅራቱ መሆኑን ነገረን፤ የጠራው ዋጋ እኛ ሠፈር ቤት የሚያስገዛ ነበር። ቢሆንም ለገዢው ይረክሳል አለ፤ ብዙ ደነዝ ብረት ጥሎ ከመሳት አንዱን ከፍሎ ማግኘት ይሻላል። ጋሽ ደምሴ ይህንን ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብረቱን አይደለም የሚሸጡት በለኛ» አሉኝ። «አለመሳቱን ነው።»

ከዚያ ባለሙያው ሽቦ ሰክቶ መረመረው። መስታወቱ አልተሰበረም፤ ዓይኑ ያያል። ውስጡ ያለው ሚዛን ግን በጣም ትንሽ፣ በፀጉር ውፍረት፣ ተዛንፏል። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ፀጉር ነው» አለ፤ «እላይ ሲሆን ግን…» ብሎ በጣቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቀኙን በር ነካ። ያንንም ተረጎምኩ። እኔ ደህና ደህናው ጫት እንዳያልቅብኝ ብዬ የዘለልኳት አንዲት ትንፋሽ ግራውን በር ወደ ቀኙ ልታዞረው ነበር።

ሙሴ ሮቤር በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ደምሴ ቆባቸውን አውልቀው ተነሱ።

«ንገርልኝ ተስፋዬ። መንገዱን የሄድኩት እኔ ነኝ በል። ጉድጓድ አምልጦኛል። ጆሮዬም ዓይኔም ደክሟል መሰለኝ። ሌላ ሰው አይጠየቅ በልልኝ።»

ተረጎምኩት። አንድም ቃል አላጎደልኩም፤ ሰዋስዉ እንኳ አልተዛነፈም። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ እያልኩ ምክንያት ልደረድር እችላለሁ። እውነቱ ግን ፈራሁ። እሳቸው ቆባቸውን ይዘው ቆመው እኔ አፋቸው ሆኜ ዋሸሁባቸው።

ሣጥኑ ወደመጣበት ተመለሰ። ጋሽ ደምሴን ከአደገኛ ጭነት አንስተው በር ጠባቂ አደረጓቸው፤ አንድ ወር ሳይሞላቸው ሥራውን ተዉት። ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። በሄዱበት ቀን ያንን ዘንግ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ያንተ ጆሮ ገና ለጋ ነው» አሉኝ። አመሰገንኳቸው።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ዓመት መንገዱን በእግሬ ሄድኩት። ጫት ተውኩ። ስንዝሯን አንድም ቀን ዘልያት አላውቅም፤ ጡጫዬን በጨበጥኩ ቁጥር እሳቸው አጠገቤ የቆሙ ይመስለኝ ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ተባልኩ። እንግዶቹም ከዓመት ዓመት ረቀቁ፤ ዓይናቸው ጠራ፣ ክንፋቸው ረዘመ፣ ደመና የማያግዳቸው መጡ። ዛሬም ሰው ይህንን በእጁ መሥራቱ ይገርመኛል። የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ ዕቃ ነው፤ ተሸክሜ የማሳልፈው እኔ ግን ማን ላይ እንደሚወድቅ አላውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴን በየፋሲካው እሄድና እጠይቃቸዋለሁ፤ እንጫወታለን፤ ያቺን ነገር ግን ሳላነሳ እመለሳለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልዬ ከከተማው ዳር ወዳለው ባልባላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋሽ ደምሴ እዚያ ዋራበሌ የሚባል ሠፈር ውስጥ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ነው የሚኖሩት። ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊት ለፊታቸው ሚኒባሶቹ የሚከንፉበት መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለ። የሰናይት ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ደጃፉ ላይ ጠጠር ትጫወታለች።

ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው መለስከው?» አሉ።

«የእኔ ስላልሆነ ነው ጋሽ ደምሴ። ያን ቀን ስንዝሯ ላይ አላቆምኩም። ጫት ሲገባ ሰምቼ ቸኮልኩ። ሣጥኑን የመታሁት እኔ ነኝ። ያዞርኩትም እኔ ነኝ።»

ወደ መንገዱ አዩ። አንድ ሚኒባስ አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

«መንገዱስ?» አሉ።

«መንገዱ ደህና ነበር።»

«ጉድጓድ አልነበረበትም?»

«አልነበረበትም።»

ዘንጉን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «በር ጠባቂ ሳለሁ ሦስት ጠዋት ሙሉ ያንን መንገድ ደግሜ ሄድኩት። ጉድጓዱን ፈለግሁት። ጠቅ ጠቅ አደረግሁ፣ ተንበርክኬ አየሁ። የለም። ደግሜ ስፈልገው እንኳ ካላየሁት ዓይኔ አብቅቶለታል አልኩ። ሥራውን የተውኩት ለዚያ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ደምሴ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ጠጠር ወደምትጫወተው ልጅ አዩ። «ሰናይት አራት ልጅ ወለደች። አንዳቸውንም እጃቸውን ይዤ መንገድ አላሻገርኩም። ‹አባባ ሱቅ ውሰደን› ሲሉኝ እግሬን አሞኛል እላለሁ። የሚመጣውን የማያይ ሰው ልጅ ይዞ መንገድ ይገባል? እግሬን አልነበረም ያመመኝ።»

ሥራቸውን የወሰድኩባቸው ይመስለኝ ነበር፤ ይህንን ጨምሬ እንደወሰድኩ ግን አላውቅም ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አሉ። «ያንተዋ ንጋት አሥራ አራት ዓመት አደረች። ተናድጄብሃለሁ ተስፋዬ። በጣም ተናድጄብሃለሁ። ይቅርታውን አሁን አትጠይቀኝ፤ መጀመሪያ ጉዳይ አለኝ።»

ተነሱ። ዘንጉን ወንበሩ ላይ ተዉት።

«ማርታ፣ ነይ። ከረሜላ እንግዛ።»

ልጅቷ ጠጠሮቿን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሰምታ ያላመነች መሰለች። «እግርህስ አባባ?» አለች።

«ድኗል።»

እጇን ያዙ። ሰናይት ከውስጥ ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ጋሽ ደምሴ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ባዶውን እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ጡጫቸውን ጨበጡ፤ አጠገባቸው ያለችው ልጅም ቆመች። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ሚኒባሱ አለፈ። ግራና ቀኙን አዩ፣ እንደገና አዩ፣ ጡጫቸው ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ከዚያም ልጅቷን ይዘው ተሻገሩ።